የደረጃ ቆጠራ

ኒቫልዶ ከታች፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
"ይኸው እዚህ ድረስ ነው የመኪና ተስፋ"
ይላል እንደ ሁልጊዜው።
እኔ ቦርሳዬን አንግቼ፣ የኦክስጅኑን ሲሊንደር ታቅፌ፣
ቆጠራ እጀምራለሁ፣ እግሬን አንድ ላይ አሳርፌ።

በቫልፓራይሶ ኮረብታ ጎማ ያልረገጠው ደጅ ብዙ ነው፤
ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ፤ ከባሕር ለሚያየው ሰው ደስ የሚለው።
ፎቶ አንሺው እንግዳ ያደንቃል ውበቱን፤
እኔ የማውቀው የደረጃውን ቁጥር፣ የትንፋሼን ስስቱን።

የዚያን ማክሰኞ
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር።
በሩ ላይ አንዲት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች፣
"አባዬ ወጥ ቤት ነው" አለች።
አልጮኸች፣ አላለቀሰች፤
እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ገለል ብላ መንገድ ለቀቀች።

ወለሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛውን በእግሬ ገፋሁት።
"ዶን ኤርሚኒዮ!" ስሙን ከልጅቷ አፍ ሰምቼ ጠራሁት።
ሠላሳ ጊዜ ደረቱን፣ ሁለቴ ትንፋሽ።
ሠላሳ። ሁለት።
ከራሴ በላይ፣ ምድጃው ላይ ሽንኩርት ይጠበሳል፤
መጀመሪያ ይጣፍጣል ሽታው፣
ቀጥሎ ይከረፍፋል፣
ኋላ ጭሱ ዓይኔን ሲልጠኝ
እጄ ደረቱ ላይ ነው፤ ማን ይነሳ፣ ማን ያጥፋልኝ?
ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት።
ሽንኩርቱ አረረ። እሱም አልነቃ።
አርባ ደቂቃ
ለክንድ ብዙ ነው፤ እሱን ለመመለስ ግን አይበቃ።

ስነሳ የወለሉ ሸክላ ጉልበቴ ላይ ታትሟል።
እጄን ዘርግቼ የጋዙን ቁልፍ አዞርኩ።
ለዚያ ቤት ያተረፍኩት መጥበሻ ነው፣ ከመቃጠል፤
ልጅቷ "አመሰግናለሁ" አለችኝ። ምን ልበል?

ኒቫልዶ ፊቴን አይቶ ብስኩት ሰበረልኝ፣ ግማሽ፤
ሳንውጠው ሬዲዮው ጠራን፤ ሌላ ኮረብታ፣ ሌላ ትንፋሽ።

አሁን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እነቃለሁ።
ምድጃዬን አያለሁ። ጠፍቷል።
እተኛለሁ። እነሳለሁ። ጠፍቷል።
"ጠፍቷል፣ ያስና፣ እኔው ነኝ ያጠፋሁት" ይላል ባሌ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፤
እኔ ግን በባዶ እግሬ ሄጄ፣ በጣቴ ካልነካሁት አልቆርጥ።
ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ደረት እቆጥራለሁ፤
የሚነሳ፣ የሚወርድ፤ የተሰለፈውን ሁሉ በልቤ አስተነፍሳለሁ።
ሽንኩርት ከቤቴ ከወጣ አራት ወሩ ነው፤
ልጄ "ሾርባው ምን ጎደለው?" ሲለኝ
"ጨው" አልኩት፣ "ጨው ነው።"

መሥሪያ ቤቱ የላከኝ ሐኪም፣ ወጣት ነው፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣
"ከአንድ እስከ አሥር ቢሆን" አለኝ፣ "ጭንቀትሽን ስንት ትይዋለሽ?"
"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።"
ሊጽፈው ጀመረ፤ የተሰጠው ሳጥን አልበቃውም።
እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደግ ነው፤ አላቻኮለኝም።

ትናንት ጥሪው ከዚያው ደረጃ ሥር መጣ፤
ሌላ ቤት ነው፣ ከፍ ያለ። ኒቫልዶ፣ ያ ጉልበቱን የሚያመው፣
ሃያ ዓመት ከመሪው ተነጥሎ የማይወጣ፣
ሞተሩን አጠፋ።
ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ቃሬዛውን ተሸከመ፤
"ደንቡ አይፈቅድም" አልኩት።
"ደንቡ ይምጣና ይውጣው" አለ፣ እያለከለከ።

ከአንዱ መስኮት የሽንኩርት ሽታ ወረደ።
እግሬ ቀጥ አለ።
ከኋላዬ የሱ ድምፅ፣ ሲቆጥር፤
"ስልሳ ሁለት... ስልሳ ሦስት..."
ሰባ አንድ ነበር።
አላረምኩትም።
ወጣን።